ጓሮ የቆመው ማሲ ፈርጉሰን

ሊንደን፣ ኮለምበስ፣ ኦሃዮ፦ ባለፈው ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ስልካችን ጮኸ። ደዋዩ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድም «ዛሬ ሳይነሳ አይቀርም፣ ቶሎ ድረስ!» አለን። ከወዳጆቻችን መካከል ሆስፒታል የተኛ ሰው ስለነበረ ልባችን ወደዚያ ሄደ። ነገሩ ግን ሌላ ነው። ሊነሳ ነው የተባለው ሁለት ዓመት ሙሉ ጓሮ ቆሞ የከረመው ትራክተር ነበር።

ሊንደንን ለማታውቁት አንባቢያን፣ ሰፈሩ በኮለምበስ ሰሜን ምሥራቅ በኩል ይገኛል። የክሊቭላንድ ጎዳና መሃሉን ሰንጥቆት ያልፋል። ከደቡቡ ጫፍ ብዙም ሳይርቅ የኦሃዮ የእርሻ ትርዒት በየበጋው የሚካሄድበት ሰፊ ግቢ አለ። እኛ ሐበሾች ግን በዚህ ከተማ የምንታወቀው በታክሲ፣ በመጋዘን ሥራና በምግብ ቤት እንጂ በእርሻ አይደለም። ስለዚህ አንድ ማለዳ ከተጎታች ላይ ቀይ ትራክተር ሲወርድ ያዩት የወዳጃችን ጎረቤቶች ቢገረሙ አይፈረድባቸውም። ሚስቱ ሦስት ቀን አላናገረችውም።

ወዳጃችን ስልሳውን የተሻገረ፣ ሌሊት መጋዘን የሚሠራ ሰው ነው። ትራክተሩን የገዛው ከኮለምበስ በስተምዕራብ ባለው በማዲሰን አውራጃ በተደረገ ሐራጅ ነው። ባለቤቱ ገበሬ ሞቷል፣ ልጆቹ ከተሜ ሆነዋል፣ የሚያርስበት የለም። ከደህና አሮጌ መኪና ባነሰ ዋጋ ወሰደው። አብሮት አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ተሰጠው። በውስጡ የትራክተሩ መመሪያ መጽሐፍና በእርሳስ የተጻፈ ደብተር ነበረበት፤ ዘይት የተቀየረበት ቀን፣ ጎማ የተገዛበት ዋጋ፣ አርባ ዓመት የሚያህል ጊዜ አንድም ሳይዘለል ሰፍሯል። ወዳጃችን ከትራክተሩ ይልቅ ያንን ደብተር ለእንግዳ ማሳየት ይወዳል።

ትራክተሩ «ማሲ ፈርጉሰን 135» የሚባለው ነው። እ.ኤ.አ. ከ1964 እስከ 1975 የተመረተ ሲሆን ናፍጣ የሚጠጣው ዓይነት ባለ ሦስት ሲሊንደር የፐርኪንስ ሞተር አለው፤ ጉልበቱ 45 የፈረስ ጉልበት ገደማ ነው። ስሙን የሰጠው ሃሪ ፈርጉሰን በዛሬዋ ሰሜን አየርላንድ የተወለደ መሐንዲስ ነበር። ከእርሱ በፊት ማረሻ ከትራክተር ኋላ እንደ ጋሪ ይጎተት ነበር። እርሱ በሦስት ነጥብ አያይዞ ሁለቱን አንድ አካል አደረጋቸው፤ ነጂው ከመቀመጫው ሳይነሳ በዘይት ግፊት ማረሻውን እንዲያነሳና እንዲያወርድ አስቻለው። እ.ኤ.አ. በ1938 ከሄንሪ ፎርድ ጋር እጅ ተጨባብጦ ብቻ ተዋዋለ። ስምንት ዓመት ቆይቶ የፎርድ የልጅ ልጅ ውሉን አፈረሰው። ፈርጉሰን 251 ሚሊዮን ዶላር ጠይቆ ከሰሰ፣ እ.ኤ.አ. በ1952 በ9.25 ሚሊዮን ታረቀ። ውል የሚፈርሰው በኛ አገር ብቻ ለሚመስለን ሰዎች ትንሽ ማጽናኛ ሳይሆን አይቀርም።

ወደ ጓሮው እንመለስ። ሞተሩ ሲገዛ ነክሶ ነበር። ኖዝሎቹ ተፈቱ፣ በየሲሊንደሩ ናፍጣና ዘይት ተደባልቆ ተጨመረ፣ ሦስት ሳምንት ተጠበቀ። ከዚያ ከሞተሩ ኋላ ያለውን ባለ ጥርስ መዘውር በብረት እየጎረጎሩ፣ አንድ ቀን የጣት ስፋት ያህል፣ በማግሥቱ ሁለት ጣት እያሉ አላቀቁት። ፍሪሲዮኑ ደግሞ በዝገት ተጣብቋል። ይህ ትራክተር እንደ መኪና ሻንሲ የለውም፤ ሞተሩ፣ ካምቢዮውና የኋላ አክሱ እርስ በርስ በብሎን ተጠርቀው ራሳቸው አጥንት ናቸው። ፍሪሲዮን ለመንካት ወገቡ ላይ ለሁለት መክፈል ግድ ነው። ክረምቱን በሙሉ ግማሹ ጋራዥ ውስጥ ግማሹ ደጅ ሆኖ ከረመ። ብሎኖቹ በኢንች የተለኩ ስለሆኑ ወዳጃችን ሚሊሜትር ቁልፎቹን ትቶ ሌላ ሙሉ መፍቻ ገዛ። መለዋወጫ ግን አልቸገረውም። ይህንን ቤተሰብ ሕንድም ፓኪስታንም በፈቃድ ሲሠሩት ስለኖሩ የስልሳ ዓመቱ ሽማግሌ ጓርኒሲዮን በሳምንት ውስጥ ቤቱ ይደርሳል።

ይህን ሁሉ ወዳጃችን ብቻውን አልሠራውም። ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ እርሱ «ጋሼ» የሚላቸው፣ ከቤተ ክርስቲያን የተዋወቃቸው አንድ መካኒክ አሉ። እዚህ ላይ ነው ታሪኩ ከብረትነት የሚያልፈው።

የወዳጃችን አባት በአርሲ፣ በጭላሎ አውራጃ፣ ከአሰላ ወጣ ብሎ መሬት ነበራቸው። በ1960 ዓ.ም. ገደማ ይህንኑ ዓይነት ትራክተር ገዙ። ጊዜው በስዊድን ርዳታ የተቋቋመው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ በአጭሩ ካዱ፣ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ያስገባበት ነው። ዓላማው ትንሹን ገበሬና ጭሰኛውን መርዳት ነበር። ስንዴው ማዋጣት ሲጀምር ግን ብዙው ባለመሬት ሒሳቡን ቀየረ፤ ትራክተር ከቀረጥ ነፃ ይገባል፣ ከጭሰኛ ድርሻ ከመቀበል ራስ ማረስ በለጠ። ጭሰኛው ተነሣ ተባለ። ጋሼ ከተነሡት ቤተሰብ የአንዱ ልጅ ናቸው። ይህንን የነገሩት ሥራ በተጀመረ በሦስተኛው ቅዳሜ፣ ፖምፓውን እየፈቱ ነው።

«ጎጆአችን የነበረበትን ያረሰው እንዲህ ያለ ቀይ ነበር፤ አባቴ ድምፁን ሲሰሙ ከቤት አይወጡም» አሉ።

ወዳጃችን ደሙ ቀዝቅዞ «ጋሼ፣ የኛ ይሆን እንዴ?» ብሎ ጠየቀ።

«የናንተስ ከወንዙ ማዶ ነበር። በል ካቻቢቴውን አቀብለኝ።»

ከዚያ ወዲህ ነገሩን ሁለቱም አላነሡትም። እኛም አላነሣንም።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ መሆኑ ታወጀ፤ አንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር በላይ እንዳይዝ ተወሰነ። አዋጁ ለመሬት ካሣ የለም ሲል ለሚንቀሳቀስ ንብረት ተገቢ ካሣ እንደሚከፈል ይናገራል። የወዳጃችን አባት ትራክተራቸው ሲነዳ ከደጃፋቸው ቆመው አዩ፣ ካሣውን ሳያዩ አረፉ። ጋሼ ደግሞ መሬት ላራሹ ሲባል ከጨፈሩት አንዱ ነበሩ። ኋላ መንግሥት እርሻ ገብተው መካኒክነት የተማሩት በእነዚያው በተወረሱ ትራክተሮች ላይ ነው። «መለዋወጫ የለም፤ ሁለቱን ገድለን አንዱን እናድናለን» ይላሉ። ባለቤት የሌለው ዕቃ ዘይቱን ማን ይለካለታል? የአባትየው ትራክተርም ከሟቾቹ ይሁን ከዳኑት የሚያውቅ የለም።

እኛም ከደሙ ንጹሕ አይደለንም። በመንግሥት ጋዜጣ አዘጋጅነት ዘመናችን የትራክተር ርክክብ ፎቶግራፍ በፊት ገጽ ያወጣነውን ጊዜ ቆጥረን አንጨርሰውም። ባለሥልጣኑ መሪ ይዞ፣ ገበሬው እያጨበጨበ። ዓመት ቆይቶ ስንቱ ይንቀሳቀሳል ብሎ ሪፖርተር መላክ ግን አንድም ቀን አልመጣልንም። ቢመጣልንም ባላተምነው ነበር፤ ይህንን መካድ አይገባንም። የእርሳሱን ደብተር ስናገላብጥ ያፈርነው ለዚህ ነው፤ አንድ ገበሬ ስለ አንድ ትራክተር የጻፈው እኛ ስለ ሺህ ትራክተር ካተምነው የበለጠ እውነት አለው።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም ብሏል። መሬቱ ለትንሹ ሰው እንዲቆይ ነው የሚሉ አሉ፤ ጭላሎን ያየ ሰው ክርክሩን ከንቱ ሊል አይችልም። መሬትን ዋስ አስይዞ ትራክተር መግዛት ያልቻለ ገበሬም እውነት አለው። ሁለቱ እውነቶች አንድ ጋራዥ ውስጥ ሲሠሩ አይተናል።

አሜሪካ ያለው ገበሬም ቢሆን ጣጣው ሌላ ነው። አዲሱ ትራክተር ኮምፒውተር ተሸክሟል፣ ሲበላሽ አንዳንዱን ብልሽት ባለቤቱ ያለ ኩባንያው ሶፍትዌር ለመጠገን ይቸገራል። የኮሎራዶ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2023 ለገበሬ የመጠገን መብት የሚሰጥ ሕግ አወጣች። በጥር 2025 ደግሞ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በዚሁ ጉዳይ በጆን ዲር ላይ ክስ መሠረተ። ወዳጃችን አሮጌ የመረጠው በናፍቆት ብቻ አይደለም።

ቅዳሜ የደረስነው አየር ሲያስወጡ ነው። ከፊልትሮው ጀምሮ እስከ ኖዝሎቹ ድረስ ብሎኑ ላላ ይደረጋል፣ ናፍጣው አረፋ እስኪያቆም ይጠበቃል፣ ይጠበቃል። አንድ ጊዜ ተሞከረ፣ አልሆነም። በሁለተኛው ነጭ ጭስ አወጣ። በሦስተኛው ሳል ሳል ብሎ ያዘ። ወዳጃችን በደስታ ጮኸ፣ የጎረቤት ውሻም ጮኸ። ጋሼ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ወደ መተላለፊያው ወጥተው ጀርባቸውን ሰጥተውን ቆሙ። ደቂቃ ያህል ቆይተው ተመለሱና ጆሯቸውን ወደ ሞተሩ አዘንብለው «ሁለተኛው ሲሊንደር እየሳተ ነው፤ ኖዝሉን እናየዋለን» አሉ።

የኋላ ማንሻው ገና አይሠራም። የዘይት ፖምፓው የኋላ አክሱ ቤት ውስጥ ስለሆነ እንደገና መፈታት አለበት። ወዳጃችን ለመጪው ክረምት በረዶ መጥረጊያ ሊያስርበት አስቧል። ጋሼ ግን ከመንገዱ ማዶ ያለውን ባዶ ቦታ ባለቤቱን ጠይቅ፣ ጎመንና ድንች እናርስበታለን ይላሉ። ማን ይነዳዋል ብለን ብንጠይቅ ወዳጃችን ቁልፉን አውጥቶ በዘይት በረከሰው ጠረጴዛ ላይ፣ በሁለቱ መካከል አስቀመጠው።