ለቆዳ የሚሆን የስፌት መኪና እንምረጥ

በቢቸናና በሞጣ አንዳንዶቻችን በትርፍ ጊዜያችን ቆዳ እንሰፋለን። ቀበቶ፣ ቦርሳ፣ አገልግል እንለብጣለን። በወስፌ መስፋት ጊዜ ይፈጃል። ስለዚህ መኪና መግዛት እናስባለን። ግን የትኛውን?

የልብስ መኪና ስስ የፍየል ቆዳ ይሰፋል። ወፍራም የበሬ ቆዳ ሲገባበት ግን መርፌው ይሰበራል። ለቦርሳና ለጫማ የጫማ ሰፊዎች መኪና ይሻላል። ሲንጀር 29 የሚባለው ለዚህ የተሠራ ነው። ክንዱ ቀጭን ስለሆነ ጫማ ውስጥ ይገባል፤ እግሩም ወደፈለግነው ይዞራል። ኮርቻ ግን ዛሬም በወስፌ ይሁን።

ልንገዛ ስንሄድ የራሳችንን ቆዳ እንያዝ። ቆዳውን አጥፈን መዘውሩን በእጃችን ቀስ አድርገን እናዙር። መርፌው ካለፈ፣ ስፌቱም ካልዘለለ መኪናው ይሆነናል።

መርፌው ጫፉ ስለት ያለው የቆዳ መርፌ ይሁን። ክሩም ናይለን ይሁን፤ የጥጥ ክር ቆዳ ውስጥ ቶሎ ይበሰብሳል። ስፌቱን ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር እናራርቀው። ቀዳዳው ከተቀራረበ ቆዳው እንደ ቴምብር ይቀደዳል። ጨርቅ ቢበላሽ ተፈትቶ ይሰፋል፤ የቆዳ ቀዳዳ ግን አይደፈንም።

ገንዘቡ የላባችን ዋጋ ነው። ሻጩ «ሁሉን ይሰፋል» ቢለን፣ «እስቲ በዚህ ቆዳ አሳየን» እንበለው።