ተቀረቀረች ወይስ ሆን ተብሎ አረፈች?

እ.ኤ.አ. በጥር 2007 ናፖሊ የምትባል የኮንቴይነር መርከብ እንግሊዝንና ፈረንሳይን በሚለየው ባሕር ላይ በማዕበል ተመትታ ጎኗ ተሰነጠቀ። 26ቱ ባሕረኞች በሄሊኮፕተር ተረፉ። ሰው አልባዋ መርከብ ወደ ወደብ ስትጎተት ግን የመስጠም አደጋው እየበረታ ሄደ። የእንግሊዝ ባለሥልጣናት ጥልቅ ውሃ ውስጥ ገብታ ነዳጇን ከምትዘራ ብለው፣ በዴቨን ግዛት ብራንስኮምብ ከተባለች መንደር ፊት ለፊት ጥልቀት የሌለው ውሃ ላይ ሆን ብለው አሳረፏት። ከ14 ዓመት በኋላ፣ በመጋቢት 2021፣ 400 ሜትር የምትረዝመው ኤቨር ጊቭን በነፋስ ተገፍታ የስዊዝ ቦይን ዳርቻ ወጋችና መተላለፊያውን ለ6 ቀናት ዘጋች። በአማርኛ ሁለቱንም «ተቀረቀረች» ብንል የሚቃወመን የለም። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ባሕረኛ ግን ለናፖሊ «ቢች»፣ ለኤቨር ጊቭን «ግራውንድ» የሚለውን ግሥ ይመርጣል። የመጀመሪያው ቃል «ይሁን» ብሎ ያዘዘ ሰው እንዳለ ይናገራል፤ ሁለተኛው መርከቧ መሬት መንካቷን ይነግረንና ዝም ይላል። እንዲህ ያለውን ልዩነት ስለው ያኖሩት፣ በእኔ እምነት፣ የባሕሩ ውበት የማረካቸው ሰዎች ሳይሆኑ ኪሣራውን ማን ይክፈል ብለው የተሟገቱ ነጋዴዎችና ዳኞች ናቸው።

የባሕር ዳር ስሞቹን በቅድሚያ እንይ። «ኮስት» የመጣው ጎድን ከሚለው የላቲን ቃል ሲሆን የአገሩን ጎን ያመለክታል፤ ስለ ካርታ፣ ስለ ድንበርና ስለ ጥበቃ ሲወራ የሚነሳው እሱ ነው። «ሾር» የውሃው ጠርዝ ነው፤ ለባሕርም ለሐይቅም ይሆናል፤ ባሕረኛ ከመርከብ ወርዶ የሚረግጠውም ሾርን ነው። ነፋስ መርከቧን የሚገፋበትን ዳርቻ «ሊ ሾር» ይሉታል፤ በሸራ የሚጓዙ ካፒቴኖች አብዝተው የሚፈሩት እሱን ነበር፤ አንዴ ከተጠጉት ነፋሱን ተቃውሞ መመለስ እጅግ ከባድ ነውና። «ስትራንድ» እንግሊዝኛ ከጀርመን፣ ከደችና ከስዊድን ቋንቋዎች ጋር የሚጋራው ጥንታዊ ቃል ነው። ሎንዶን ውስጥ በዚህ ስም የሚጠራው ትልቅ ጎዳና ድሮ የቴምዝ ወንዝ ዳር ነበረ፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተገነባው የወንዝ ዳር ግንብ ውሃውን ይበልጥ አራቀው። «ቢች» ደግሞ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ብቅ ሲል ትርጉሙ ማዕበል ያለሰለሰው ጠጠር ነበር፤ ጠጠሩ የተከመረበት ስፍራ በዚያው ስም የተጠራው ኋላ ነው። ሁለቱም ስሞች ግሥ ወለዱ፤ ስትራንድ በ17ኛው፣ ቢች በ19ኛው ክፍለ ዘመን። እዚህ ላይ መንገዳቸው ተለየ። ዛሬ በረራ ተሰርዞበት አውሮፕላን ማረፊያ ያደረ መንገደኛ በእንግሊዝኛ «ስትራንድድ» ነው፤ ሳይፈልግ የደረሰበት ነገር ነዋ። «ቢችድ» የሚለው ግን የለም።

ስትራንድ የገንዘብ ዋጋ ያገኘው በሎንዶኑ ሎይድስ የመድን ገበያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1749 በመድን ውሉ ላይ አንድ አንቀጽ ተጨመረ። እህል፣ ዓሣ፣ ጨው፣ ፍራፍሬ፣ ዱቄትና ዘር በቀላሉ የሚበላሹ ስለሆኑ፣ በከፊል ቢጎዱ መድን ሰጪው አይከፍልም፤ የሚከፍለው ጉዳቱ የጋራ ኪሣራ ተብሎ በመርከቧ ባለቤትና በባለ ጭነቶቹ መካከል ሲከፋፈል፣ ወይም መርከቧ «ስትራንድድ» ስትሆን ብቻ ነው። ይባስ ብሎ ፍርድ ቤቶች መርከቧ በጉዞው ላይ አንዴ ስትራንድ ከሆነች፣ የእህሉ መበላሸት ከዚያ ጋር ባይገናኝም እንኳ መድን ሰጪው ይክፈል አሉ። ስለዚህ የአንድ መርከብ ሙሉ ስንዴ ዋጋ በአንድ ቃል ላይ ተንጠለጠለ፤ ነጋዴው ቃሉን ለማስፋት፣ መድን ሰጪው ለማጥበብ ይታገል ጀመር። በ1816 ቋጥኝ መትታ፣ ተጋድማ፣ ከአንድ ደቂቃ ተኩል በኋላ የተላቀቀች መርከብ ጉዳይ በዳኛ ሎርድ ኤለንቦሮ ፊት ቀረበ። ዳኛው ነክቶ ማለፍ ስትራንድ አይባልም፤ መርከቧ መሬቱ ላይ መቀመጥ አለባት ሲሉ በየኑ። በዚያው ዘመን ሩብ ሰዓት ያህል ቋጥኝ ላይ ተይዛ የቆየች ሌላ መርከብ ግን ስትራንድ ሆናለች ተባለ። በ1832 ደግሞ ሃል በተባለው ወደብ ስለደረሰ ጉዳት ሲከራከሩ፣ የባሕሩ ውሃ በየዕለቱ ሲጎድል መርከብ እንደ ልማዱ ጭቃ ላይ ቢቀመጥ ስትራንድ አይደለም፤ ያልታሰበ ነገር ከቦታው ገፍቶት ቢቀመጥ ግን ነው የሚል መለያ ጸና። መርከቧም፣ ጭቃውም፣ መቀመጡም አንድ ሆኖ ሳለ የቃሉን ዕጣ የወሰነው ምክንያቱ ነው።

እንግሊዞች የደሴት ሰዎች ስለሆኑ ቃሉ ቢበዛላቸው ምን ይገርማል የሚል ይኖራል። ለስሞቹ ብዛት ይህ መልስ ይበቃል፤ ጠጠሩንና የውሃውን ጠርዝ ለይቶ ለመጥራት አጠገቡ መኖር በቂ ነው። አንድ ደቂቃ ተኩል ከሩብ ሰዓት የሚለይበትን ምክንያት ግን ደሴትነት አያስረዳም። ጠንካራው ተቃውሞ ሌላ ነው፤ ተራው ተናጋሪ ቃላቱን ያደባልቃቸዋል። ዓሣ ነባሪ ዳርቻ ላይ ወጥቶ ሲሞት ብዙ እንግሊዛውያን አውሬው አስቦበት የወጣ ይመስል «ራሱን ቢች አደረገ» ይላሉ። እውነት ነው። ነገር ግን ጉዳዩ በሚያስጠይቅበት ስፍራ ልዩነቱ ይመለሳል። የሎንዶን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ከ1913 ጀምሮ እንዲህ ያሉ እንስሳትን ሲመዘግብ፣ ተመራማሪዎቹ የሚጠቀሙት «ስትራንዲንግ» የሚለውን ነው፤ ስለ እንስሳው ፈቃድ ምንም አይናገርምና። ፍርድ ቤት ቃላቱን አልፈጠራቸውም፤ ስትራንድ ከሎይድስ በብዙ መቶ ዓመታት ይቀድማል። ዳኞቹ ያደረጉት ላላ ብሎ የቆየውን ድንበር ማጥበቅ ነው፤ ይህም ትንሽ ሥራ አይደለም።

ድንበሩ ዛሬም ይሠራል። ዮርክ አንትወርፕ የሚባሉት ዓለም አቀፍ ደንቦች መርከብን ለሁሉም ደኅንነት ሲባል ሆን ብሎ መሬት ላይ ማስወጣትን በተለየ አንቀጽ ይመለከቱታል፤ ጉዳቱን የመርከቧ ባለቤትና ባለ ጭነቶቹ በንብረታቸው ዋጋ ልክ ይካፈሉታል። ቀድሞ መርከቧ ያለዚያም ዳርቻው ላይ መውደቋ ካልቀረ መካፈሉ ይቀር ነበር፤ በ1974 የተሻሻለው ደንብ ይህን ገደብ አነሳ፤ ለእኔ ትክክለኛ እርምጃ ነበር፤ በጭንቅ ሰዓት የሚወስን ካፒቴን «ባልወስንስ ኖሮ» የሚለውን ሙግት እንዲያሰላ መጠበቅ አይገባም። ኤቨር ጊቭንን ሆን ብሎ መሬት ላይ ያወጣት ባይኖርም፣ እሷን ለማላቀቅ የወጣው ወጪ ሁሉንም ለማዳን ነበርና ባለቤቷ ኩባንያ የጋራ ኪሣራ አወጀ። እንዲህ ሲሆን ዕቃው ጭረት ያልነካው ነጋዴም ድርሻውን ይጠየቃል፤ ዋስትና ሳያቀርብ ኮንቴይነሩ አይለቀቅለትም። ዕቃውን በጅቡቲ በኩል የሚያስገባ ኢትዮጵያዊ አስመጪም የጫነባት መርከብ እንዲህ ቢገጥማት የሚጠየቀው ይኸው ነው። የመድን ሽፋን ካለው ዋስትናውን መድን ሰጪው ይጽፍለታል፤ ከሌለው በጥሬ ገንዘብ ማስያዝ ይጠበቅበታል።