የአረጋውያን አጥንትና የጓሮ ጎመን

በደባርቅ፣ በዳባትና በሰሜን ተራሮች ግርጌ ባሉ ቀበሌዎች በክረምት ድጥ አዳልጦት የሚወድቅ አረጋዊ ጥቂት አይደለም። ወጣት ጭቃውን አራግፎ የሚነሳበት አወዳደቅ አጥንቱ ለሳሳ አዛውንት የዳሌ ስብራት ሊሆን ይችላል። በእርሻ ወቅት አንድ ሰው አልጋ ላይ ሲውል የሚያስታምመውም ከሥራው ይለያል። ጉዳዩ ከጤና አልፎ የግብርናም የሚሆነው ለዚህ ነው።

አጥንት እስከ 30 ዓመት ገደማ ይጠነክራል፤ ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ ይሳሳል። ሴቶች የወር አበባ ካቆሙ በኋላ መሳሳቱ ይፈጥናል። የዓለም የጤና ድርጅትና የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት መመሪያ በዚህ ዕድሜ ላሉ ሴቶችና ከ65 ዓመት በላይ ለሆኑ ወንዶች በቀን 1300 ሚሊ ግራም ካልሲየም ይመክራል። ወተት አንዱ ምንጭ ቢሆንም ጿሚ አረጋውያን ከዓመቱ ግማሽ ያህሉን አይቀምሱትም። ክፍተቱን መሙላት ያለባቸው ማሳውና ጓሮው ናቸው።

የደጋው ዋና እህል ገብስ ነው። ይሁንና 100 ግራም ገብስ ውስጥ ያለው ካልሲየም ከ30 ሚሊ ግራም ብዙም አይበልጥም። ጤፍ 180፣ ዳጉሳ ደግሞ ከ300 በላይ ይይዛል። ከነገለባው የተቆላ ሰሊጥ ከሁሉም ይበልጣል። ስለዚህ የገብስ ዱቄት ላይ ዳጉሳ ወይም ጤፍ መቀላቀል፣ በጾም ቀን የሰሊጥ ፍትፍት ማዘጋጀት ይጠቅማል። ሊጡ በእርሾ በደንብ ሲብላላ ማዕድኑን አስሮ የሚይዘው ንጥረ ነገር ስለሚቀንስ ሰውነት የበለጠ ይጠቀምበታል።

ከቅጠላ ቅጠል የአበሻ ጎመን ተመራጭ ነው። በቆስጣ ውስጥ ያለው ካልሲየም ግን በአብዛኛው ወደ ሰውነት አይገባም። በአጥር ጥግ የሚበቅለው ሳማም ሊናቅ አይገባም። የአገራችን ብቻ የሆነው ይህ ዝርያ በሳይንሳዊ ስሙ ኡርቲካ ሲመንሲስ ይባላል፤ ስያሜውን ያገኘውም ከሰሜን ነው። ብዙዎች የክፉ ቀን ምግብ ቢሉትም በካልሲየም የበለጸገ ነው። ለጋ ቅጠሉ በእንጨት መቆንጠጫ ተለቅሞ ሲቀቀል መለብለቡ ይጠፋል።

ምግብ ብቻውን አይበቃም። አጥንት የሚጠነክረው ሸክም ሲያገኝ ነው። «አርፈው ይቀመጡ» እያሉ አዛውንትን ከምድጃ ዳር ማዋል ጡንቻቸውንም አጥንታቸውንም ያደክማል። በየቀኑ መራመድ፣ እጅን ሳይደገፉ ከመደብ አሥር ጊዜ መነሳትና መቀመጥ፣ ምሰሶ ይዞ በአንድ እግር መቆም ከመውደቅ ይጠብቃል። ጋቢን ከክንድ ገለጥ አድርጎ ፀሐይ መሞቅም ካልሲየሙን ወደ ደም የሚያስገባውን ቫይታሚን ዲ ያስገኛል። ስብራት የገጠመው፣ የኩላሊት ጠጠር ያለበት ወይም እንክብል ለመውሰድ ያሰበ ሰው ግን አስቀድሞ የጤና ባለሙያ ማማከር አለበት።

ስብራት ሲደርስ ጠብቆ የታሰረ እንጨት የደም ዝውውርን አቋርጦ እግር እስከማስቆረጥ ሊያደርስ ይችላል። ጣቶች ከደነዘዙ ወይም ከጠቆሩ ማሰሪያውን ወዲያው አላልቶ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል።

የወረዳ አመራሮችም ድርሻ አላቸው። የግብርና ባለሙያው የጎመንና የዳጉሳ ዘር ሲያዳርስ አረጋውያን ያሉባቸውን ቤቶች ቢያስቀድም፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም አብራው ብትዞር ወጪው ትንሽ፣ ጥቅሙ ግን ብዙ ነው። አዛውንቱ በእግሩ ቆሞ ሲውል ልጁም ከማሳው አይለይም።