ድምፅን ማዘዝ ወይስ ድምፅን ማከማቸት?

ጀርመናውያን ለቤት ኮምፒዩተሮች ያዘጋጇቸውን ሁለት የሙዚቃ መድረሻ ፕሮግራሞች እናነጻጽር። ክሪስ ሁልስቤክ በ1986 እ.ኤ.አ. ለኮሞዶር 64 የሠራው ሳውንድሞኒተር የተቀዳ ድምፅ አላስፈለገውም፤ ሲድ የተባለው ቺፕ የሞገዱን ድግግሞሽና ቅርፅ እየታዘዘ ሦስት ድምፆችን በአንድነት ያመነጫል። ካርስተን ኦባርስኪ በ1987 ለአሚጋ ያቀረበው አልቲሜት ሳውንድትራከር ግን አጫጭር ቅጂዎችን በአራት መስመሮች ያጫውታል።

በሴኮንድ 8,000 ናሙና የተቀዳ ባለ 8 ቢት ድምፅ በየሴኮንዱ 8,000 ባይት ይፈጃል። ለየኖታው ቅጂ ማስቀመጥ ማኅደረ ትውስታውን ይጨርሰዋል። ስለዚህ አንዱ ቅጂ በተለያየ ፍጥነት ይጫወታል፦ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ድምፁ አንድ ኦክታቭ ከፍ ይላል፤ ቆይታው ግን በግማሽ ያጥራል።

እንግዲህ የመጀመሪያው ማኅደረ ትውስታን ሲቆጥብ የመሣሪያውን ተፈጥሯዊ ቃና ያጣል፤ ሁለተኛው ቃናውን ያገኛል፤ ዋጋውን ግን በባይት ይከፍላል።