የብርድ ወራትና የቤተ ሰብ ሽርሽር

በእኛ ዘንድ ብርድ ሲባል ወዲያው ትዝ የሚለን ክረምት ነው። ዝናቡ፥ ጭቃውና ጉሙ ስለሚያስጨንቁን ከወራት ሁሉ የሚበርደው ሐምሌ ነው እንላለን። ቴርሞሜትር የሚመሰክረው ግን ሌላ ነው። በአዲስ አበባ የሌሊቱ ብርድ የሚጠነክረው በኅዳርና በታኅሣሥ ሲሆን እስከ ጥርም ይዘልቃል፤ ይኸውም በአባቶቻችን አቆጣጠር የመፀው መጨረሻና የበጋ መጀመሪያ መሆኑ ነው። በክረምት ሌሊት ሙቀቱ ብዙውን ጊዜ ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እጅግም አይወርድም፤ በእነዚህ ወራት ግን ወደ 7ና 8፥ አንዳንዴም ከዚያ በታች ዝቅ ይላል።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ምድር ቀን ከፀሐይ የተቀበለችውን ሙቀት ሌሊት ወደ ሰማይ ትመልሳለች። በክረምት ደመናው እንደ ጣራ ሆኖ ይከለክላል፥ ከፊሉንም ወደ ምድር ይመልሰዋል። በኅዳር ሰማዩ ጥርት ያለ፥ አየሩም ደረቅ ስለ ሆነ ሙቀቱ ያለ ከልካይ ሲወጣ ያድራል። ስለዚህ ብርዱ የሚበረታው ፀሐይ ልትወጣ ስትል፥ ከንጋቱ 12 ሰዓት ገደማ ነው። ያው ጥርት ያለ ሰማይ ደግሞ ቀን ለፀሐይ በር ይከፍታልና በቀትር ሙቀቱ ወደ 22ና 23 ዲግሪ ይደርሳል። በአንድ ቀን ውስጥ የ15 ዲግሪ ያህል ልዩነት መኖሩን ልብ በሉ! በአውሮፓ ሰሜን ብርዱ ሌሊትም ቀንም ነው፤ ከቤት ለመውጣት ወፍራም ካፖርት ያስፈልጋል። የእኛ ግን የሌሊትና የማለዳ ብርድ ስለ ሆነ ከረፋዱ 3 ሰዓት በኋላ ደጁ ከቤቱ ይልቅ ይሞቃል። የጭቃም ሆነ የብሎኬት ግድግዳ የሌሊቱን ብርድ ይዞ ስለሚያረፍድ፥ እቤት ውስጥ ተቀምጦ የሚንቀጠቀጥ ሰው ፀሐዩ ከደጁ ሁለት እርምጃ ርቆ ሲጠብቀው ይውላል።

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ይኸው ነው። በብርድ ወራት በዕረፍት ቀን ብዙ ቤተ ሰብ በሩንና መስኮቱን ዘግቶ ከሰል አቀጣጥሎ ይቀመጣል። ከሰሉ ጢሱ ካለቀና ከቀላ በኋላ የማይጎዳ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው፤ ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። ፍሙ በሚቀላበት ጊዜም ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለውን ጋዝ ያወጣል። ይህ ጋዝ መልክም ሽታም የለውም። ከምንተነፍሰው አየር ጋር ሲገባ ከኦክሲጅን ከ200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ኃይል ከደማችን ጋር ይጣበቃል፤ ደሙም ኦክሲጅን ለመሸከም ያቅተዋል። መጀመሪያ ራስ ምታት፥ ቀጥሎ ማቅለሽለሽና ድካም፥ ከዚያም እንቅልፍ ያመጣል። ተኝቶ የሚቀረውም በዚህ ምክንያት ነው። እንዲህ ያለ ምልክት የታየበት ሰው ወዲያው ወደ ንጹሕ አየር መውጣት፥ ወደ ሐኪምም መሄድ አለበት። የሚነድ ከሰል ባለበት ዝግ ክፍል ውስጥ መተኛት በማናቸውም ምክንያት አይገባም። ወላጆች ይህን እንዲያስቡበት እለምናለሁ። የከሰሉም ዋጋ ቢሆን ቀላል አይደለም፤ አንድ እሑድ ውሎ የሚነደው ከሰል ለቤተ ሰቡ ዳቦና ቆሎ መግዣ ይሆን ነበር።

እንግዲህ ወዴት እንሂድ? ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው እንጦጦ ነው። እስከ ሽሮ ሜዳ ድረስ በአውቶቡስ ወይም በታክሲ ሄዶ ከዚያ በእግር መውጣት ይቻላል፤ ከትንንሽ ልጆች ጋር እያረፉ ለሚሄዱ ሁለት ሰዓት ያህል ቢወስድ ነው። ዳገቱ ራሱ ያሞቃል፤ ሽቅብ የሚሄድ ሰው ሹራቡን ለማውለቅ ጊዜ አይፈጅበትም። እንጦጦ ማርያም ያለችበት ቦታ ከባሕር ወለል በላይ 3000 ሜትር ያህል ሲሆን ከመስቀል አደባባይ በ600 ሜትር ያህል ይበልጣል። ወደ ላይ ስንወጣ በየ100 ሜትሩ ሙቀቱ በግማሽ ዲግሪ ወይም ከዚያ ጥቂት በሚበልጥ ስለሚቀንስ ላይኛው ቦታ በቀትር እስከ 4 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። ነፋስም አለው። ስለዚህ በላብ የረጠበ ካናቴራ የሚቀየርበት አንድ ደረቅ ካናቴራ ለልጆች መያዝ ይገባል።

ቦታው ታሪክም አለው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥትነት ዘውድ የጫኑት በእንጦጦ ማርያም ነው። ከዚያ በፊት በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ከጋራው ግርጌ ባለው ፍል ውሃ አጠገብ ቤት አሠርተው ነበር፤ የአዲስ አበባም መነሻ ይህ ሆነ። ጋራው ላይ ብርዱ ከባድ ነበር፥ የማገዶውም እንጨት እየራቀ ሄዶ ነበር። ዛሬ ጋራውን የሸፈነው ባሕር ዛፍ የመጣው ከዚያ በኋላ በዚያው በማገዶ ችግር ምክንያት ነው። እንግዲህ ከተማችን ራስዋ ብርድን ሸሽታ ወደ ሙቅ ውሃ የወረደች ናት ቢባል ከእውነት አይርቅም። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክም እዚያው ነው፤ በውስጡ ገንዘብ የሚያስወጡ ነገሮች ስላሉ ልጆችን አስቀድሞ ማስጠንቀቅ ለአባት ኪስ ይበጃል።

የፍል ውሃውም ነገር ለብርድ ወራት የሚስማማ ነው። ውሃው ከምድር ውስጥ በስንጥቅ በኩል ሞቆ ስለሚመጣ ማሞቂያ አያሻውም። ሽማግሌዎች ለአጥንት ሕመም ይወዱታል። ዋጋው እንደ ክፍሉ ዓይነት ስለሚለያይ አስቀድሞ ጠይቆ መሄድ ነው፤ ታጥቦ ከወጡ በኋላ ግን ፀጉር ሳይደርቅ ነፋስ ላይ መቆም አይገባም።

ወደ ሙዚየም መሄድም አለ። በብሔራዊ ሙዚየም የድንቅነሽ አጥንት ቅጂ ይታያል። እርስዋ የተገኘችው በዚሁ በብርድ ወራት፥ ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. በአፋር በሐዳር ሲሆን ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያህል ነው። የሙዚየሙ ክፍሎች ግን ቀዝቃዛ ስለ ሆኑ ከፀሐይ በፊት ሳይሆን ፀሐይ ከጠገቡ በኋላ ቢገባ ይሻላል።

ምንም የማያስወጣ ጨዋታ ለሚፈልግ የገና ጨዋታ አለን። ጫፉ ቈልመም ያለ ዱላ ከቅርንጫፍ ይቈረጣል፥ እሩሩ ከእንጨት ይጠረባል ወይም ከቆዳ ይሰፋል፤ ሌላ የሚያስፈልግ ነገር የለም። ሁለት ወገን ሆኖ እሩሩን ወደ ተቃራኒው ወገን ድንበር እየመቱ መንዳት ነው። በጥንት ጊዜ በዚያን ቀን ጌታና ሎሌ አብረው ይጫወቱ፥ ጌታውም ቢመታ አይቈጣም ነበር። ዛሬም አባትና ልጅ ቢጫወቱ የዚያኑ ያህል ደስ ይላል። ብቻ ዱላው ከጉልበት በላይ እንዳይነሣ አስቀድሞ መስማማት ያስፈልጋል፤ ታናናሾች ባሉበት ከጨርቅ የተሠራ ኳስ ይሻላል።

ሌሊትም ቢሆን ጥቂት ደስታ አይጠፋም። በየዓመቱ ታኅሣሥ 4 ለ5 አጥቢያ ገደማ ጀሚኒድ የሚባሉ ተወርዋሪ ከዋክብት በብዛት ይታያሉ። እነዚህም ፋኤቶን የተባለ በፀሐይ ዙሪያ የሚዞር አለት የበተናቸው ደቃቃ ፍርፋሪዎች ናቸው፤ ወደ አየራችን ሲገቡ ይነዳሉ። ጨረቃ ከሌለች ከሌሊቱ 4 ሰዓት ጀምሮ መብራት ከሌለበት ግቢ ሆኖ ሽቅብ መመልከት ብቻ ነው። መነጽር አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ትዕግሥትና ጋቢ ነው።

ስለ ጋቢ ካነሣን ዘንድ ለምን እንደሚያሞቅ ልንገራችሁ። ጋቢ አራት እጥፍ የጥጥ ሸማ ነው። የሚያሞቀን ጥጡ ብቻ ሳይሆን በየእጥፉ መካከል ተይዞ የሚቀረው አየር ነው፤ አየር ሙቀትን በቀላሉ አያሳልፍምና። በዚሁ ምክንያት ከአንድ ወፍራም ልብስ ይልቅ ሁለት ሦስት ስስ ልብስ ደርቦ መልበስ ይመረጣል፤ ቀኑ ሲሞቅም አንድ በአንድ ማውለቅ ይቻላል። ለምግብ ቆሎ፥ ዳቦ፥ በፔርሙዝ ሻይ ይበቃል፤ የሽምብራ እሸት ከተገኘማ ሌላ ምን ይፈለጋል! ውሃ ግን አይረሳ፤ በደረቅ አየር ሰው ሳይጠማው ውሃው ያልቅበታል። ከፍ ባለ ቦታ ፀሐዩም ስለሚያቃጥል ባርኔጣ ወይም ነጠላ በራስ ላይ ያሻል። ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ወደ ቤት ማቅናት ነው፤ ፀሐይ እንደ ገባች ብርዱ ፈጥኖ ይመለሳልና።

አንድ ነገር ልጨምር። ቀዝቃዛ አየር ከሞቃት አየር ስለሚከብድ ሌሊት ከጋራው ወደ ዝቅተኛውና ሜዳማው ቦታ ይወርዳል። ስለዚህ ንጋት ላይ ከወንዝ ዳርና ከሜዳ ይልቅ ፊቱ ወደ ምሥራቅ የሆነ ተዳፋት ይሞቃል። ጥር 10 ቀን ለከተራ ወጥተው ጃን ሜዳ የሚያድሩ ወላጆች ይህን ያስታውሱ፤ ከሳር ላይ በቀጥታ እንዳይተኙ ከታች ሰሌን ያንጥፉ፥ ሕፃናትን ግን በ11 ጠዋት ፀሐይ ከወጣች በኋላ ቢያመጡአቸው በዓሉ አያመልጣቸውም።