እርሾ ምግቡን በተራ ይበላል

ሊጥ ኩፍ የሚለው በእርሾ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። እርሾ በዓይን የማይታይ፣ ሕይወት ያለው ነገር ነው። ታዲያ ምን ይበላል? ስኳር ነዋ!

በዳቦ ሊጥ ውስጥ ግሉኮስና ማልቶስ የሚባሉ ስኳሮች ይገኛሉ። ለእርሾው ግሉኮስ ይቀለዋል። እሱ እያለ ማልቶስን የሚያስገባበትን በር አይሠራም። የበሩ አሠራር ዘረ መል በሚባለው መመሪያ ተጽፏል፤ ግን ተከድኖ ይቆያል። ግሉኮሱ አልቆ ማልቶሱ ሲቀር መመሪያው ይገለጣል። እርሾው በሩን ይሠራል፤ ማልቶስን የሚሰብረውንም ኢንዛይም ያዘጋጃል። ይህ ጊዜ ይፈጃል።

ስለዚህ ስኳር ያልጨመርንበት ሊጥ መሐል ላይ ቀዝቀዝ ቢል፣ ተበላሸ ብለን ለመድፋት አንቸኩል። እርሾው በር እየሠራ ሊሆን ይችላል። ዱቄቱ የላባችን ፍሬ ነውና ትንሽ እንታገሥ።