ተጨማሪ መረጃ፦ የአሞናይት ስፌት

መቀሌ አካባቢ ባለው የአንታሎ የኖራ ድንጋይ ውስጥ የባሕር እንስሳት ቅሪተ አካላት እንደሚገኙ ታውቃላችሁ? በጁራሲክ ዘመን፣ ከ201 እስከ 145 ሚሊዮን ዓመታት በፊት ባለው ጊዜ፣ ባሕር ይህን ምድር ሸፍኖት ነበር። ከቅሪቶቹ አንዱ አሞናይት ነው፤ ዛሬ ከምድር የጠፋ፣ ጥምዝ ቅርፊት ያለው የኦክቶፐስ ዘመድ። ቅርፊቱ የቀንድ አውጣን ቢመስልም ውስጡ በግድግዳዎች ተከፋፍሏል። እንስሳው የሚኖረው በመጨረሻው ሰፊ ክፍል ብቻ ነበር፤ ሌሎቹ ክፍሎች ጋዝ ስለሚይዙ እንዳይሰጥም ይረዱታል። ግድግዳዎቹ ከቅርፊቱ ጋር የሚጋጠሙበት መስመር ስፌት ይባላል። በብዙዎቹ ላይ እንደ ቅጠል ጠርዝ የተቆራረጠ ነው፤ የአሞናይት እውነተኛ ውበት ያለውም እዚህ ላይ ነው። ባለሙያዎች ዝርያውን የሚለዩት በዋናነት ከዚህ መስመርና ከቅርፊቱ ቅርጽ ሲሆን፣ ዝርያው ደግሞ የድንጋዩን ዕድሜ ይጠቁማል።

ቅሪተ አካል ካያችሁ በመዶሻ አትምቱት። አጠገቡ ሳንቲም አስቀምጡና ፎቶ አንሱት፤ ቦታውን መዝግባችሁ ለመምህራችሁ ንገሩ። የተገኘበት ቦታ ያልታወቀ ቅሪተ አካል አብዛኛውን ሳይንሳዊ ዋጋውን ያጣል።